ቅቤውን ተዉት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ጎረቤቴ ለጡት ካንሰር አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ተከታትላ ወደ አዘዞ ተመለሰች። ብብቷ ሥር ጠቁሮ መላጥ ሲጀምር ጠያቂው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ቅቤ ቀቢው፣ እሬት አድርጊበት... እባካችሁ ተዉ! ጨረሩ ቆዳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ሕክምናው በተጀመረ በ2 ወይም 3 ሳምንት ብቅ ይላል። ጨረሩ ካለቀ በኋላም ለ1 ወይም 2 ሳምንት ሊብስ ይችላል። ይህን ማንም አልነገራትም፤ በሽታው ያገረሸባት መስሏት እንቅልፍ አጣች።

ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ቀስ ብሎ መታጠብ፣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ መልበስ ይረዳል። ከፀሐይም መከለል ነው። ማሳከኩን የሚያስታግስ የስቴሮይድ ቅባት ሐኪም ሊያዝ ይችላል። ቆዳው ተልጦ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ቶሎ ሐኪም ቤት!

ጨረር የሚሰጡ ሆስፒታሎች ይህን በአማርኛ ጽፈው ለታማሚው ቢያስይዙት ምን ይከብዳል?

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር