ሚጡዬ፣ የካሲኖው በር ወዴት ነው የሚዞረው?

ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ ሲመጣ የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን።

እሁድ ስትደውዪ ሰው ጭኜ እየነዳሁ ነበር። ለዚያ ነው ቶሎ የዘጋሁብሽ። ጥያቄሽ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከመኪናው አልወርድም አለ። «አባዬ፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፒተርስበርግ ካሲኖ ይግባ አይግባ ብለው በኖቬምበር ሊያስመርጡን ነው። አንተ አሥራ ስምንት ዓመት ካሲኖ ሠርተሃል። ምን ልበል?» አልሽኝ። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፍልሻለሁ፣ በኛው ካልኩሽ ግራ ይገባሻል።

መጀመሪያ እውነቱን ልንገርሽ። አንቺን ያሳደገሽ የካሲኖ ገንዘብ ነው። ኒው ጀርሲ፣ አትላንቲክ ሲቲ ስንገባ እንግሊዝኛዬ ገና አፌ ውስጥ ይሰባበር ነበር። የዲለር፣ የካርድ አዳይ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ፈቃድ አወጣሁ፣ ብላክጃክ የሚባለው የካርድ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ቆምኩ። ደሞዙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ያኖረን ጉርሻው ነው። የጤና ኢንሹራንስም ነበረን፤ የጥርስሽ ብረት የተከፈለው በዚያ ነው። ስለዚህ «ካሲኖ ሥራ አያመጣም» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው። ያመጣል።

ትዝ ይልሽ እንደሆነ እንጃ። ዲለር ጠረጴዛውን ለተተኪው ሲለቅ እጁን አንዴ ያጨበጭብና መዳፉንም ጀርባውንም ወደ ላይ ለካሜራው ያሳያል። ቺፕ፣ የመጫወቻውን ገንዘብ፣ አልያዝኩም ማለቱ ነው። እኔ ለምዶብኝ ቤትም አደርገው ነበር። አንቺ አራት ዓመትሽ ነው፣ ከእራት ስትነሺ ጨብ አድርገሽ መዳፍሽን ታሳዪን ጀመር። እናትሽ «ልጄን ቁማርተኛ አደረግካት!» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

አሁን ወደ ከተማዋ። አትላንቲክ ሲቲ ድሮ የሀብታም መዝናኛ ነበረች። ሰው በአውሮፕላን ፍሎሪዳ መሄድ ሲጀምር ተረሳች። ሆቴሎቹ አረጁ፣ ሥራ ጠፋ። በ1974 ለኒው ጀርሲ ሕዝብ «ካሲኖ እንፍቀድ?» የሚል ምርጫ ቀረበ፤ እምቢ አለ። በ1976 «አትላንቲክ ሲቲ ላይ ብቻ ይሁን» ተብሎ ሲመጣ አለፈ። የመጀመሪያው ካሲኖ በሜይ 1978 ተከፈተ። ያን ጊዜ ከኔቫዳ ሌላ ካሲኖ ያለበት ግዛት አልነበረም። ከኒው ዮርክ በለው ከፊላደልፊያ፣ መጫወት ያማረው ሁሉ ሌላ የት ይሄዳል? ሰው በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር።

እኔ የደረስኩት ወርቁ ዘመን ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሶች ይመጣሉ፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች። ለተሳፋሪው ትኬት ይሰጠዋል፣ በትኬቱ ጥቅል የሩብ ዶላር ሳንቲም ይቀበላል። አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ነጭ ጓንት አድርጋ ነው የምትጫወተው። ሳንቲሙ እጇን እንዳያጠቁራት። ከአውቶቡስ ትወርዳለች፣ ውስጥ ትበላለች፣ ውስጥ ትጫወታለች፣ ማታ እዚያው በር ላይ ትሳፈራለች። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ከተማዋን ረግጣ የምታውቅ አይመስለኝም። መስኮት የለ፣ ሰዓት የለ።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ሚጡዬ። ከባሕሩ ዳር ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ብትገቢ ሌላ ከተማ ነበር። ባዶ ቦታ፣ ሣር የወረሰው። ወርቅ እንግዛ ወርቅ እንሽጥ የሚሉ ሱቆች። ጥግ ላይ ቁርስ የምንበላበት ቤት ነበር፤ ካሲኖዎቹ ለተጫዋች ምግብ በነጻ ሲሰጡ እሱ በምን ይወዳደር? ዘጋ። አስቤዛ ለመግዛት ከከተማ ወጥተን እንሄድ የነበረው እናትሽ ቅብጥ ብላ አይደለም። ያን ሁሉ ቢሊዮን ያየች ከተማ ደህና ሱፐርማርኬት አልነበራትም።

ከዚያ ጎረቤት ነቃ። በ2006 መጨረሻ ፔንሲልቬኒያ የራሷን ከፈተች። ሜሪላንድም ኒው ዮርክ ከተማም ተከተሉ። የፊላደልፊያ ሰው ቤቱ አጠገብ እያለለት ለምን አንድ ሰዓት ይነዳል? በ2006 የአትላንቲክ ሲቲ ካሲኖዎች ከቁማር ብቻ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ሰብስበው ነበር። በ2014 ግማሽ ገደማ ቀረ። በዚያ አንድ ዓመት ከ12ቱ 4ቱ ተዘጉ፣ ወደ 8 ሺህ ሰው ሥራ ፈታ። ሬቨል የሚባለው በ2.4 ቢሊዮን ዶላር ተሠርቶ፣ በ2012 ተከፍቶ፣ በሁለት ዓመቱ ተዘጋ። ኋላ በ82 ሚሊዮን ተሸጠ። የኔም ሥራ በዚያው ዓመት አበቃ፤ የትኛው ቤት እንደነበር አንቺ ታውቂዋለሽ። የመጨረሻዋን ሌሊት ካርዴን ሰብስቤ እጄን አጨበጨብኩ፣ መዳፌን ወደ ላይ አሳየሁ። የሚያይ ሰው ይኑር አይኑር እንጃ።

ግን የከፋው የኛ ሥራ ማጣት አይደለም። ከተማዋ ሙሉ ክብደቷን በካሲኖዎቹ ላይ ጥላ ነበር። ለግብር የሚታሰበው የከተማዋ ቤትና ንብረት ዋጋ በ2010 ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ8 ቢሊዮን በታች ወረደ። ካሲኖዎቹ ደግሞ «ከልክ በላይ አስከፍላችሁናል» ብለው ከሰሱ፣ ተመላሽ ይገባቸዋል ተባለ። ታዲያ ጎዶሎው በማን ሊሞላ? በኛ በባለቤቶቹ። የቤት ግብሩ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር እናትሽ ሳትከፍተው ፍሪጁ ላይ ታስቀምጠው ነበር። በ2016 ግዛቱ መጥቶ የከተማዋን አስተዳደር ተረከበ።

አሁን አንድ ነገር ተመልከቺ። ያንቺ ፒተርስበርግም እኮ ቢሏን መክፈል ያቃታት በ2016 ነው። በአንድ ዓመት ሁለቱም ኪሳቸው ባዶ ሆነ። አንዷ ካሲኖ ነበራት፣ አንዷ አልነበራትም። ስለዚህ ካሲኖ ያድናል የሚልሽም፣ ካሲኖ ይገድላል የሚልሽም ጨዋታውን ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

እኔ የማየው ተጫዋቹ ከየት እንደሚመጣ ነው። ባለፈው ዓመት ለሠርግ ወደ ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪንስቦሮ ስንወርድ እዚሁ ቨርጂኒያ ዳንቪል ላይ አረፍን፣ ታስታውሺያለሽ። ያቺ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ነበር የምትኖረው፤ በ2006 ተዘጋ። ያን ጊዜ ካሲኖው የድሮው ፋብሪካ ግቢ ላይ ይገነባ ነበር፣ እስከዚያው ጊዜያዊው ይሠራ ነበር። እናትሽ ቡና ስትጠጣ እኔ ፓርኪንጉን ዞሬ ታርጋ ቆጠርኩ። የድሮ አመል ነው፣ አትሳቂብኝ። ብዙው የኖርዝ ካሮላይና ነበር። ድንበር ላይ ናት፣ ማዶ ደግሞ በቅርብ ካሲኖ የለም። የሌላ ግዛት ሰው ገንዘቡን ይዞ ከመጣ ለከተማዋ አዲስ ገንዘብ ነው። የራሷ ሰው ከሆነ ግን ከፀጉር ቤቱና ከሥጋ ቤቱ የተነሳ ገንዘብ ነው። ኪስ ቀየረ እንጂ አልጨመረም።

ፒተርስበርግ መሃል ላይ ናት። ጎረቤታችሁ ሪችመንድ ካሲኖን በ2021ም በ2023ም ሁለቴ እምቢ ስላለ የሪችመንድ ሰው ወደናንተ ይመጣል። አይ-95 አውራ ጎዳናው ላይ የሚያልፈውም ይቆማል። ይሄ ጥሩ ነው። ግን ሪችመንድ እድሜ ልኳን እምቢ ትላለች ያለሽ ማነው? ኒው ዮርክም አንድ ጊዜ እንደዚያ ነበረች።

ገንዘቡንም ላስላልሽ። በቨርጂኒያ ሕግ ካሲኖው ለአሸናፊዎች ከፍሎ ከሚተርፈው፣ እስከ 200 ሚሊዮን ድረስ፣ ለከተማዋ የሚደርሳት ከዶላሩ 6 ሳንቲም ነው። 200 ሚሊዮን ከሞላ 12 ሚሊዮን መሆኑ ነው። ለፒተርስበርግ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የውሃ ቱቦ ይቀየርበት፣ ትምህርት ቤት ይጠገንበት። የመምህራን ደሞዝ ግን አይንጠልጠልበት። እኔ ብሆን ይሄንን ነው እጄን አውጥቼ የምጠይቃቸው፤ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ስለሚፈስበት ሕንፃ ቁመት ሳይሆን።

ስለ ቁማሩ ራሱ ብዙ አልልም፣ ያደግሽበት ነው። የአሜሪካ ሩሌት፣ ኳስ የሚሽከረከርበት የቁማር መንኮራኩር፣ 38 ጉድጓድ አለው፤ አንዱን ቁጥር አግኝተሽ ብትበዪ የሚከፍልሽ 35 እጥፍ ነው። የጎደለው የቤቱ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም። ግን አንድ ሰው አለ፣ ስሙን አልጽፍም፣ ቤታችን ፋሲካ ይውል ነበር። ዕቁብ የደረሰው ዕለት ማታ፣ ገንዘቡን ጃኬቱ ውስጥ ይዞ፣ ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አየሁት፣ አየኝ። ዲለር ጠረጴዛውን ጥሎ ሄዶ ሰው አይመክርም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ተነሳ፣ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ረስቶ። ጃኬቱን በማግስቱ ወሰድኩለት። ሚስቱ በር ላይ ተቀበለችኝና ኪሱን ዳበሰች። እስከዛሬ ያቺ እጇ ትታየኛለች።

ስለዚህ ምን ልበል ነው ያልሽኝ? እኔ እዚያ ድምፅ የለኝም። አንቺ ቤት የገዛሽው፣ ግብሩን የምትከፍዪው አንቺ። ሆስፒታል አብረውሽ የሚሠሩት ልጆች ወንድሞቻቸው ሥራ ይፈልጋሉ ብለሽኛል፤ እሱን ደግሞ እኔ ልንቅ አልችልም፣ በዚያው እንጀራ ልጅ አሳድጌበታለሁና። አዎ ካልሽ አልቀየምሽም። እምቢ ካልሽም እንደዚያው።

ብቻ ከመምረጥሽ በፊት ንድፉን የሚያሳዩበት ስብሰባ ካለ ሂጂና በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ። ፓርኪንጉ የት እንደሆነ፣ ምግብ ቤቶቹ ከውስጥ ይሁኑ ከውጭ፣ ወደ ድሮው ከተማ የሚወስድ አውቶቡስ ይኑር አይኑር ማየት እፈልጋለሁ። በሩ ወደ አይ-95 ነው ወይስ ወደናንተ የሚዞረው?

ቅዳሜ እንመጣለን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፣ ፍሪዘርሽን አስለቅቂ።

አባትሽ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ጥቅምት 2017 በኛው (በፈረንጅ 2024)