ሲሞቅ እሳት ስለሚያጣው የጀልባ ሞተሬ የቀረበ ቅሬታ

ለጥገና ክፍል ኃላፊ
ባሕር ዳር

ሲሞቅ እየጠፋ ስላስቸገረኝ ለጥገና ያስገባሁላችሁን የጀልባ ሞተር ታሪክ መዝገባችሁ ላይ ስለምታገኙት አልደግመውም። የምጽፈው የካቲት 15 ቀን ሱቃችሁ ውስጥ ስለሆነው ነገር ነው።

«ለኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ይደርስልዎታል» ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ያንን አምኜ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከሚሻገሩ ተሳላሚዎች ቀብድ ተቀበልኩ። በዋዜማው ስመጣ ሞተሩ እንዳመጣሁት ተሰቅሏል። በዕድሜ ልጄ የሚሆነው ባለሙያችሁ ገመዱን ሳበና ሲነሳለት፣ «ይኸው ይሠራል፤ አንተ ቤንዚንህን አጣራ» አለኝ፣ ያውም ደንበኛ ፊት።

ቀዝቃዛ ሆኖ እንደሚነሳማ መቼ ካድኩ? የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ነቅዬ፣ ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቼ ገመዱን ስስብ ሁለቱም ብልጭ አይሉም። ሲበርድ እሳቱ ይመለሳል። ታዲያ ቤንዚን እሳት ያጠፋል? የሞተር ማጥፊያውን ሽቦ ነቅዬም ሞክሬያለሁ፤ ያው ነው። ካንዴላዎቹ አዲስ ናቸው፣ ከእናንተው የገዛኋቸው። ለየካንዴላው እሳት የሚልኩት የሁለቱ ሲሊንደር ኮይሎች ተማክረው እኩል ይሞታሉ ብዬም አላምንም። የሚያጠራጥረው ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ ሥር ያለው፣ ለሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ኮይል፣ ወይም እሳቱን ለሁለቱም የሚያከፋፍለው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ ሲዲአዩ ነው። ሞተሩ ትኩስ እያለ ለኩልኝ ብዬ ለመንኩ። እናንተ አቀዝቅዛችሁ ለካችሁና «ደህና ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ። ወባ የሚያንቀጠቅጠውን ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው ጠብቆ ጤነኛ ነህ እንደማለት ነው።

ነገሩ ለእናንተ ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ሰው ጭኜ ደብረ ማርያም አጠገብ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጉማሬ በሚውልበት ቦታ ቆሜያለሁ። የከሰዓቱ ነፋስ ተነስቶ ነበር። ጎትቶ ያወጣን የሌላ ሰው ጀልባ ነው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ያላዘዝኩትን የካርቡሬተር እጥበት አስከፍላችሁኛል፤ ደረሰኙንም እስከ ዛሬ አላየሁትም። የሞተሩ ክዳን መቆለፊያም እናንተ ጋ ነው የተሰበረው።

ስለዚህ ሞተሩ እኔ ባለሁበት በውሃ በርሜል ውስጥ እስኪሞቅ ተነስቶ፣ በጠፋበት ቅጽበት እንዲለካልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። የተበላሸው ዕቃ በእናንተ ወጪ ይቀየር። ይህ ካልሆነ የከፈልኩት ይመለስልኝ፤ ለተሳላሚዎቹ ቀብድ መልሼ ያጣሁትም ገቢ ይታሰብልኝ። በዚህ ሳምንት መልስ ካላገኘሁ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለንግድ ቢሮ አስገባለሁ።

መቆለፊያውም ይቀየር። ያ ልጅ ደግሞ ሞተሬን እንዳይነካብኝ።

ከአክብሮት ጋር
የጀልባው ባለቤት