ናቹራል ልግባ ወይ ላልሽኝ ልጄ

አብሽሪ የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽ? አክስትሽስ ደህና ናት? የደሴን ብርድ እንዴት ቻልሽው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፣ ቆቦም ያው እንደምታውቂው ሙቀቱ ነው።

ባለፈው ስልኩ እየተቆራረጠ ሳንጨርስ ቀረን። ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል፣ ናቹራል ብገባስ ምን ልሁን ነው ያልሽኝ። አጎትሽ ዶክተር ትሁን ይላል፣ እናትሽ ፋርማሲ ይሻላታል ትላለች፣ ጎረቤቱም አንዳንድ ሙያ መርጦልሻል። ሁሉም ለአንቺ አስቦ ነው። ግን አንቺ ራስሽ ዘወትር ስለምትጠይቂው ነገር ማንም አላነሳም። እኔ ደግሞ ከዚያ ጀምሪ ባይ ነኝ።

ትዝ ይልሻል፣ ትንሽ ሳለሽ አያትሽ ማሳ ላይ አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ አረም ስንነቅል አብረሽን ትውይ ነበር። አበባዋ ሮዝ ነው፣ ለማታውቃት ሰው እንዲያውም ታምራለች። አንዷን ከነአፈሯ ፈንቅለሽ ስታወጪ ሥሯ የማሽላውን ሥር አንቆ ይዞ አገኘሽው። ቀጥለሽ ምን አልሽኝ? «ታዲያ ሽምብራው ውስጥ ለምን የለችም?»

ይኼ የሕፃን ጥያቄ አይደለም። የአቀንጭራ ዘር እንደ ብናኝ ነው፣ መዳፍሽ ላይ ብታደርጊው አቧራ ይመስልሻል። አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፣ ዝናብ ብቻውን አያበቅለውም። የማሽላ ሥር የሚለቀው ኬሚካል አለ፣ እሱ ሲደርሰው ነው የሚነቃው። ከዚያ ሥሩን ይሰካና የማሽላውን ውሃና ምግብ ይመጥጣል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ስለምታራግፍ ነው አያትሽ በየዓመቱ ነቅለው የማይጨርሱት።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ለአቀንጭራ ጣጣ ነው። ወሎንኮሚ የተባለች የገጠር መንደር ነው ያደጉት። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር እሁድ በእግራቸው ሄደው አርብ ይመለሱ ነበር፤ ይማር ብለው ሙጭጭ ያሉት እናታቸው ናቸው። ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ። ያንን ኬሚካል እምብዛም የማይለቅ ማሽላ አወጡ፣ አቀንጭራዋም ሳትነቃ እዚያው ተኝታ ትቀራለች። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት በማሽላ ሥራቸው ነው።

ከማሽላ ሳልወጣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነው። ወተት በጉንጬ የሚባለውን ማሽላ እሸቱን ጠብሰን ስንበላ ስሙም ጣዕሙም አይደንቀንም፣ ለምደነዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ግን የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰበ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ዓይነት ሲመረምሩ፣ ሌላው ማሽላ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል በብዛት የያዙ ሁለት አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ! ፍሬያቸው ጭምድድ ያለ፣ ምርታቸውም ዝቅ ያለ ነው፣ ገበሬዎቻችን ግን ለጥሩነታቸው ሲሉ ዘራቸውን ጠብቀው አቆይተዋል። ያ ዓመት ደግሞ ወሎ በረሀብ የተመታበት ጊዜ ነበር። አስቢው፣ ሰው እዚህ በረሀብ እየወደቀ የኛው እህል ምን እንደያዘ ባሕር ማዶ ነው የታወቀው። ያንን ጥያቄ እዚሁ የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ። አንቺ ብትሆኚ ደግሞ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሴት ልጅ እዚህ ሥራ ውስጥ ምን አላት የሚልሽ ካለ ስለ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ንገሪው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናቸው። ያጠኑት የዕፅዋትን በሽታ ነው፣ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ለዓመታት መርተዋል፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸልመዋል። በልጅነታቸው አንበጣ የመንደሩን ሰብል ሲጨርስ አይተዋል። አንቺም በ2013 ጥቅምት ላይ እዚሁ ቆቦ ያየሽውን አትረሺውም፣ ጣሳ እየደበደብሽ ስታባርሪ ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ለማም እንደዚሁ ናቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ወንዙ ዳር ስንቱ አልፏል መሰለሽ! እሳቸው ቆም ብለው ለምን አሉ፣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድል የታወቀው በዚያ ነው።

ሁሉም በጥያቄ ይገባል እያልኩሽ አይደለም። ውጤቱ ስለፈቀደለት የገባ አለ፣ በምደባ ያልመረጠው ዲፓርትመንት ደርሶት ቆይቶ የወደደው አለ፣ አንድ ጎበዝ አስተማሪ ያስገባውም ብዙ ነው። እንጀራም መታሰብ አለበት፣ ተመራማሪ ሀብታም አይሆንም። ግን ሙከራው አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ ሲከሽፍ፣ ለማዕረግ የመጣው ይሰለቻል፣ መልሱን የፈለገው ነው ነገም የሚመጣው። ሕክምናም ቢሆን ስለ በሽታው የሚከነክንሽ ነገር ካለ ግቢበት፣ አጎትሽ ስላለ ግን አይሁን።

እና ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት ባዮሎጂ ደብተርሽ ጀርባ ላይ እየጻፍሽ ያስቀመጥሻቸውን ጥያቄዎች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አክስትሽ ብዙ ናቸው ብላኛለች። ክረምት ስትመጪ ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አብረን እንሄዳለን፣ ስለ አቀንጭራ ራስሽ ጠይቂያቸው። ሂሳቡን ግን አትልቀቂ፣ የከበደሽን ምዕራፍ ንገሪኝና አስጠኚ እንፈልጋለን።

አባትሽ፣ ከቆቦ