ከሰልፍ ራቂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሕይወት፤

እንዴት ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ ቋጥራ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እየጠበቀች ነው።

አክስትሽ ፎቶሽን አሳየችኝ። ሕንድ፣ ቤንጋሉሩ ከተማ፣ የምርጫ ሰልፍ መሐል፣ አንገትሽ ላይ የፓርቲ ሻሽ ጠምጥመሽ። ልጄ፣ አንቺ እዚያ በተማሪ ቪዛ የገባሽ የውጭ ዜጋ ነሽ። ፖለቲካ ውስጥ ከገባሽ አገር ልቀቂ የሚል ወረቀት ሊመጣብሽ ይችላል። ለጓደኞችሽ አገራቸው ነው፣ እነሱ ይሰለፉ። አንቺ ከሰልፍ ራቂ። ፎቶውን ዛሬውኑ አጥፊው። ቤት ቀይረሽ ከሆነም አዲሱን አድራሻ ለውጭ ዜጎች ምዝገባ ቢሮ ሳትዘገዪ አሳውቂ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ በፈረንጆቹ 2018 ባለሽበት ግዛት በካርናታካ ብዙ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ መንግሥት የመመሥረት መብት ነበረው ብለሽ አልፈሻል። አይደለም። በእኛ 2007 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ሲይዙ አይተሽ ስላደግሽ፣ ማንም ለብቻው ከግማሽ በላይ ካላገኘ ማን ይመሥርት የሚለው ጥያቄ አልታየሽም። እቤት ሳለሽ ቁጭ አድርጌ አለማስረዳቴ ይቆጨኛል።

የካርናታካ ምክር ቤት 224 ተመራጮች አሉት። ያን ጊዜ ድምፅ የተሰጠው ለ222ቱ ስለነበር መንግሥት ለመመሥረት 112 ያስፈልግ ነበር። ከፓርቲዎቹ ቢጄፒ 104፣ ኮንግረስ 78፣ ጃናታ ዳል (ሴኩላር) 37 አገኙ። የኋለኞቹ ሁለቱ ተባብረው 115 ሆነው ሳለ የግዛቱ ገዥ፣ ከማዕከል የሚሾሙት ማለቴ ነው፣ የቢጄፒውን ዬዲዩራፓን ጠርተው አብላጫ ድምፅ እንዳላቸው እንዲያሳዩ 15 ቀን ሰጧቸው። 15 ቀን ለምን እንደሚያስፈራ ገምቺ፤ አባላት የሚባበሉት በዚያ ውስጥ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌሊቱን ተሰይሞ ቃለ መሐላውን ባያግድም፣ በኋላ ቀኑን አሳጥሮ በፈረንጆቹ ግንቦት 19 ከቀኑ 10 ሰዓት በግልጽ ድምፅ ይቆጠር አለ። ዬዲዩራፓ ድምፅ ሳይሰጥ ለቀቁ፤ ኮንግረስና ጃናታ ዳል ጥምር መንግሥት መሠረቱ።

ፍርድ ቤቱ ይህን ከየት አመጣው? ከቦማይ። ጽሑፍሽ ውስጥ ስማቸው አንዴም አለመነሣቱ አናዶኛል። ኤስ. አር. ቦማይ በፈረንጆቹ 1989 የዚያው ግዛት ዋና ሚኒስትር ነበሩ። 19 አባላት ድጋፋችንን አንሥተናል ብለው የፈረሙበት ደብዳቤ ለገዥው ደረሰ። ሰባቱ ወዲያው ተታለን ነው የፈረምነው አሉ። ቦማይ ጉባኤው ይጠራና እዚያው ልቆጠር ብለው ለመኑ። ገዥው አልተቀበሉም፤ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 21 የፕሬዚዳንት አስተዳደር ታወጀ፤ ግዛቱ ከማዕከል ይተዳደር ማለት ነው። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም አቤቱታቸውን ጣለው። በመጋቢት 1994 ዘጠኝ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች አብላጫ ድምፅ የሚለካው በገዥው ግምት ሳይሆን በምክር ቤቱ አዳራሽ ነው ብለው ፈረዱ። አምስት ዓመት! ሰውየው እውነታቸውን አገኙ፣ ወንበሩን ግን አላገኙም። በ2021 ዋና ሚኒስትር የሆኑት ልጃቸው ባሳቫራጅ ናቸው፤ እሳቸውም በቢጄፒ።

ለልጅዬው መንገድ የከፈተውንም የ2019 ነገር ጨምሪበት። የሕንድ ሕገ መንግሥት አሥረኛው ሠንጠረዥ የፓርቲውን ትእዛዝ ጥሶ ድምፅ የሰጠን አባል ከወንበሩ ያነሣል፤ ከሌላ ፓርቲ ጋር ለመዋሐድም የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ መስማማት አለበት። ስለዚህ የጥምር መንግሥቱ አባላት ድምፅ ከመስጠት ይልቅ መልቀቂያ አስገቡ። ሰው ሲጎድል የሚያስፈልገው አብላጫም ይወርዳል፦ መንግሥቱ 99 ለ105 ወደቀ። አፈ ጉባኤው ያፈነገጡትን 17 አባላት ከወንበራቸው አንሥተው እስከ ምክር ቤቱ ዘመን መጨረሻ እንዳይወዳደሩ አገዱ፤ ፍርድ ቤቱ ከወንበራቸው መነሣታቸውን አጽንቶ፣ ተመልሶ የመወዳደር እገዳውን ግን ሻረው። በታኅሣሥ ማሟያ ምርጫ ከ15ቱ ወንበር 12ቱን ቢጄፒ ወሰደ። የሕጉ ቀዳዳ ይኸው ነው፤ ምዕራፍሽ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

የተስተካከለውን እስከ ወሩ መጨረሻ ላኪልኝ፤ የቦማይን ፍርድ ከማጠቃለያ ሳይሆን ከራሱ አንብቢ። ራት አትዝለዪ። ከሰልፍ ራቂ ብዬሻለሁ፤ ማየት ካማረሽ ከቤትሽ በቴሌቪዥን እዪው። ፎቶው መጥፋቱን ነገ ለአክስትሽ ደውለሽ ንገሪያት፤ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

አባትሽ