በመርከብ ሽርሽር የሚፈራውና መፈራት ያለበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ክሩዝ ስለሚባለው የመዝናኛ መርከብ ጉዞ በጋዜጦች የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መዋኛ ገንዳውንና የእራት ጠረጴዛውን ያሳያል፤ ሌላው አደጋ ሲደርስ ብቻ ብቅ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ትኬት ቆርጦ እንቅልፍ ያጣ ሰው በሁለቱም አይጠቀምም። በዚህ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምንሰማቸውን ጥያቄዎች ስንመዝናቸው፣ ፍርሃቱ ያለቦታው የተቀመጠ ይመስለናል። ሰው ማዕበልን ይፈራል፤ ጉዞውን የሚያበላሹበት ግን ቪዛ፣ ሰዓት፣ ያልታጠበ እጅና የባንክ ካርድ ናቸው።

ሁሉም የሚጀምረው ከመስመጥ ስለሆነ እኛም ከዚያው እንጀምር። አንድ ትልቅ መርከብ 20 ፎቅ ያህል ተቆልሎ ከውኃው በታች 9 ሜትር ገደማ ብቻ እንዳለው የሰማ ሰው “ታዲያ እንዴት አይገለበጥም?” ቢል አይፈረድበትም። መልሱ ክብደቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ሞተሮቹ፣ ነዳጁ፣ የመጠጥ ውኃውና ለሚዛን የሚሞላው የባሕር ውኃ ሁሉም ከታች ናቸው። ላይኛው ክፍል ካቢን (የመኝታ ክፍል) እና አዳራሽ፣ ማለትም አብዛኛው አየር ነው። እግረ መንገዳችንን አንድ ስህተት እናርም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ 248,663 ቶን ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የመርከቡ ክብደት ተደርጎ ይጻፋል። ቁጥሩ ግሮስ ቶኔጅ የሚባለው ልኬት ነው፤ የሚለካውም የመርከቡን የውስጥ ይዘት እንጂ ክብደቱን አይደለም።

ይህ ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የመዝናኛ መርከብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ምሽት በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ጋር ተጋጭቶ 32 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ቀን ከቺቪታቬክያ ወደብ የተሳፈሩት መንገደኞች የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር፤ ደንቡ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ማቆየት ይፈቅድ ነበርና። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሣ መደረግ አለበት። ብዙ መርከቦች ላይ ተጓዡ በስልኩ ወይም በካቢኑ ቴሌቪዥን አጭር ፊልም ያይና ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያው ሄዶ ካርዱን ያስነብባል፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የአደጋው ምልክት ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጥሪ ነው። ያን የሰማ ሰው ጨርቄን ማቄን ሳይል ሞቅ ያለ ልብስና መድኃኒቱን ይዞ፣ በአሳንሰር ሳይሆን በደረጃ፣ ወደ ጀልባው ሳይሆን ወደ ተመደበለት ጣቢያ ይሄዳል። የጣቢያው ምልክት በካርዱ ላይ ወይም በካቢኑ በር ጀርባ ተጽፏል። ከዚህ ሌላ በመጀመሪያው ቀን ልትሠራ የሚገባት አንዲት ትንሽ ሥራ አለች፤ ከካቢኑ በር እስከ ደረጃው ስንት በሮች እንዳሉ መቁጠር። ጭስ ባለበት ወይም መብራት በጠፋበት ኮሪደር ዐይን አይሠራም፤ እጅ ግን በሮቹን እየዳሰሰ ይቆጥራል።

ማጥወልወሉ ግን እውነተኛ ነገር ነው። የውስጥ ጆሮ “እየተንቀሳቀስን ነው” ሲል ካቢን ውስጥ ያለ ዐይን “ግድግዳው ቆሟል” ይላል፤ የጭቅጭቁን ዋጋ የሚከፍለው ሆድ ነው። የዛሬ መርከቦች ከውኃ በታች ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ክንፎች ስላሏቸው ወደ ጎን የሚደረገውን መንገዋለል በእጅጉ ይቀንሱታል። ከፊት ወደ ኋላ የሚያነሣና የሚጥለውን ግን ያን ያህል አይገቱትም። ለዚህ ነው የካቢኑ ቦታ ከካቢኑ ዓይነት የሚበልጠው። መርከቡን እንደ በር ማሰብ ይቻላል፤ ማጠፊያው አጠገብ ያለው እምብዛም አይንቀሳቀስም፣ ጫፉ ግን ሰፊ ቦታ ያካልላል። ማጠፊያው የመርከቡ ወገብና የታችኛው ፎቅ ነው። ብዙ ሰው ለባሕሩ እይታ ብሎ ከፊት በኩል ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ያለ በረንዳ በውድ ይከራያል፤ በነፋሻ ሌሊት ከመርከቡ ሁሉ በጣም የሚናጠው ያ ክፍል ነው።

መድኃኒት የሚሠራው ቀድሞ ሲወሰድ ነው። ሜክሊዚን ወይም ዳይመንሃይድሪኔት ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ክኒኑ ሆድ ውስጥ አይቆይም። ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ከአልኮል ጋርም አይሄዱም። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ 4 ሰዓት አስቀድሞ ተለጥፎ እስከ 3 ቀን ያገለግላል። ተቆርጦ አይለጠፍም፤ ከለጠፉ በኋላም እጅን መታጠብ ግድ ነው፤ መድኃኒቱ የነካው ጣት ዐይንን ቢያሽ ብሌኑ ይሰፋና እይታው ይደበዝዛል። ግላኮማ (የዐይን ግፊት በሽታ) ወይም የፕሮስቴት እብጠት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። ባዶ ሆድ ማጥወልወሉን ያባብሰዋል እንጂ አይከላከልም፤ ደረቅ ብስኩት ጥቂት ጥቂት እየበሉ ውጭ ወጥቶ አድማሱን ማየት፣ ስልኩንም ኪስ ውስጥ መክተት ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሆድ ወረርሽኝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ የመርከብ በሽታ ግን አይደለም፤ በትምህርት ቤትም በሆስፒታልም ይዛመታል፤ መርከብ ላይ ግን ይቆጠራል፣ ሪፖርትም ይደረጋል፣ ለዚህ ነው ወሬው የሚበዛው። የአልኮል ጄል በዚህ ቫይረስ ላይ ደካማ ነው። የሚሠራው ሳሙናና ውኃ፣ ያውም 20 ሰከንድ ያህል ማሸት ነው። ከዚህ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ሁለተኛውን መታጠብ ነው። ሰው ወደ ምግቡ ተራ በንጹሕ እጅ ይገባል፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው የጨበጠውን የጋራ ማንኪያ ይይዛል፣ ከዚያ ተቀምጦ በዚያው እጁ ዳቦ ይቆርሳል። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ እንደገና መታጠብ ወይም ዳቦውን በሹካ ማንሣት ነው መፍትሔው። ተቅማጥ የጀመረው ሰው ካቢኑ ውስጥ እንዳይዘጋበት ፈርቶ መደበቁ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምልክቱ ከቆመ በኋላም እስከ 48 ሰዓት ከሰው ርቆ መቆየት ሊጠየቅ ይችላል። የአሜሪካ ወደቦችን የሚነኩ መርከቦችን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ100 ነጥብ ይመዝናቸዋል፤ 85 እና ከዚያ በታች ያገኘ ወድቋል። ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ስለሚሆን ከመክፈል በፊት ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ እውነተኛው ራስ ምታት እንምጣ። ቪዛ በየወደቡ የተለየ ነው፤ አንዳንድ አገር ከመርከቡ ለማይወርድ መንገደኛም ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሸንገን ቪዛ፣ ማለትም በአንድ ፈቃድ ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በሚያስገባው ቪዛ ነው። ከግሪክ ወደብ ከፒሬየስ ተነሥቶ የቱርኳን ኩሻዳሲ ነክቶ ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚመለስ መርከብ ከሸንገን ክልል ወጥቶ እንደገና የሚገባ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው መንገዱ እዚያው ላይ ይቆረጣል። ወረቀቱን የሚመረምረው የመርከብ ድርጅቱ በመሳፈሪያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የጎደለ ነገር ካገኘ አያሳፍርም፣ የተከፈለውንም አይመልስም፤ ውሉ ይህን በግልጽ ይላል፣ አንብቦ የሚፈርም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የወደቦቹን ዝርዝር ይዞ እያንዳንዱን አገር ለየብቻ ማጣራት፣ ፓስፖርቱ ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ቢያንስ 6 ወር እንደሚቀረው ማየት፣ በትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በአውሮፕላን ወደ መነሻው ከተማ የሚሄድ ሰው አንድ ቀን ቀድሞ ይድረስ። አውሮፕላን ቢዘገይ መርከብ ቆሞ አይጠብቅም።

ስለ መጠበቅ ከተነሣ፣ ወደብ ላይ ወርዶ መርከቡ ጥሎት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ሰዓቱ ነው የሚያታልለው። ስልክ ወደብ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱን ወደቡ ወዳለበት አገር ሰዓት ይለውጣል፤ መርከቡ ግን በራሱ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። አንዲት ሰዓት እዚያ ትጠፋለች። የእጅ ሰዓትን በመርከቡ ሰዓት ሞልቶ አለመንካት ቀላሉ መድኃኒት ነው። የመመለሻው ሰዓት ከመነሻው 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይቀድማል፤ መሰላሉ ከተነሣ በኋላ ልመና አይሠራም። በመርከቡ በኩል በተገዛ ጉብኝት ላይ ያለ ቡድን ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፣ ካልሆነም ወጪውን ችሎ ቀጣዩ ወደብ ያደርሳል። በግሉ የወጣ ሰው ግን ትራንስፖርቱም ሆቴሉም ከኪሱ ነው። ለዚህ ሲባል የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የባንክ ካርድና በዕለቱ ፕሮግራም ላይ የታተመውን የወደብ ወኪል ስልክ ይዞ መውረድ ይገባል። መርከቡ ወደቡ ላይ ሳይጠጋ ርቆ የሚቆምና በትንንሽ ጀልባ የሚያመላልስ ከሆነ ደግሞ በመመለሻው ሰዓት ሰልፍ አለ፤ የሰልፉን ጊዜ መጨመር ነው።

“ሁሉም ተከፍሏል” የሚለው ቃል ሁሉን አይሸፍንም። በብዙ መርከቦች ለሠራተኞች የሚሰጠው ጉርሻ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ በተጓዡ ሂሳብ ላይ ይጨመራል። መጠጥ፣ ኢንተርኔትና ጉብኝት ብዙ ጊዜ ለብቻ ናቸው። መርከቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ ስለማይሠራበት ገና ከመጀመሪያው የባንክ ካርድ ይመዘገባል፤ ድርጅቱም በካርዱ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ያስይዛል። ዴቢት ካርድ ያስመዘገበ ሰው የተያዘው ገንዘብ ከጉዞው በኋላም ለቀናት ሳይለቀቅለት ሲቀር “ተዘረፍኩ” ይላል። ክሬዲት ካርድ ለዚህ ይሻላል። ስልኩ ደግሞ መርከቡ ከወደብ ሲለቅ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ በሳተላይት የሚሠራው የመርከቡ ኔትወርክ ሳይነግር ይይዘውና ሂሳቡ ቤት ድረስ ይከተለዋል።

ጸጥታ የሚፈልግ ሰው የፎቆቹን ንድፍ አይቶ ከላይም ከታችም ካቢን ያለበትን ካቢን ይምረጥ። ከመዋኛ ገንዳው ሥር ያለ ክፍል ገና ሳይነጋ የወንበር መጎተት ይሰማዋል። ካውያና ሻማ አይፈቀዱም። ሰርጅ ፕሮቴክተር (ከድንገተኛ የኤሌክትሪክ መጨመር የሚከላከል ክፍል) ያለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያም እንዲሁ፤ የመርከብ የኤሌክትሪክ መስመር ከቤቱ ስለሚለይ መሣሪያው ሊግልና እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ መርከቡ ላይ ሐኪምና ክሊኒክ አለ፤ ክፍያው ግን ከባድ ነው፣ የተለመደው የጤና ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛ በሄሊኮፕተርም ሆነ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል መወሰድን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮችን አብዛኞቹ ድርጅቶች በጉዞው ማብቂያ 24 ሳምንት የሚሞላቸው ከሆነ አያሳፍሩም። ጨቅላ ሕፃን ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ውቅያኖስ በሚያቋርጥ ጉዞ ላይ ደግሞ 12 ወር የሞላው መሆን አለበት።

ሻንጣ የሚያስቸግረው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለሠራተኛ የተሰጠው ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው ወደ ማታ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይያዛሉ። በመጨረሻው ሌሊት ደግሞ ሻንጣው ካርድ ታስሮለት በር ላይ ይቀመጥና ተወስዶ ያድራል። ሁሉን በጥንቃቄ አጣጥፎ የከተተ ሰው ጠዋት ሲነቃ በፒጃማ፣ ያለ ጫማ ወደብ ላይ ከመውረድ ሌላ ምርጫ አይኖረውም። የነገውን ልብስና ጫማ አስቀድሞ ወንበር ላይ ማኖር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ጉዞ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ