ባለእጁስ የት ገባ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በታሪክ ዓምዳችሁ ስለ መካከለኛው ዘመን የአገራችን ኅብረተሰብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። ብዙ ሰው የሚያምታታውን የርስትና የጉልት ልዩነት ጥርት አድርጋችሁ አስረድታችኋል፤ ርስት ከአቅኚው አባት በእናትም በአባትም የሚወረስ የመሬት መብት፣ ጉልት ደግሞ ንጉሡ ለመኳንንት፣ ለጭፍራና ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ግብር የመብላት መብት እንደሆነ። ቅሬታዬ ጽሑፉ ኅብረተሰቡን ነጋሽ፣ ቀዳሽና አራሽ ብሎ ከፍሎ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በጥቅሉ ባለእጁስ የት ገባ?

የገበሬውን ዕቃ ልብ ብላችሁ እዩት። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ እርፉንና ድግሩን ራሱ ከጫካ ቆርጦ ይጠርበዋል። ማረሻውና ወገሉ ግን ብረት ናቸው፤ ያለ ቀጥቃጭ አይገኙም። ማረሻው ሲዶለዱም ተሸክሞት ወደ ባለእጁ ይሄዳል፤ ወናፉ ይነፋል፣ ብረቱ ግሎ ይቀጠቀጣል፣ ዋጋው አዝመራው ሲገባ በእህል ይከፈላል። ገባሩ ለጉልተኛው የሚሰፍረው እህል፣ ጉልተኛው ለቤተ መንግሥት የሚያቀርበው ግብር፣ ሁሉም በዚያ ብረት ታርሶ የተገኘ ነው። የጭፍራው ጦርም ከዚያው ወናፍ የወጣ ነው። ሸክላ ሠሪዋ የጋገረችው ምጣድና እንስራ ያልገባበት ቤትስ የት ነበር?

እነዚህ ሰዎች ግን በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። የቤተ እስራኤል፣ የአይሁድን እምነት ይከተሉ የነበሩት ወገኖቻችን ታሪክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። እንደሚተረከው ዐፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1414–1429) ድል ካደረጓቸው በኋላ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው አሉ። መሬቱን ያጣ ሰው ወይ የሰው መሬት እያረሰ ይኖራል፣ ወይ ወደ ብረትና ሸክላ ይገባል። ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስትገነባ በግንበኝነትና በአናጢነት ከደከሙት መካከል እነሱም ነበሩ። በእነሱም ላብ የቆመውን ግንብ ዛሬ ሁላችንም በኩራት እናስጎበኛለን።

ከመሬት ማጣቱ ይልቅ እኔን የሚያመኝ የወጣላቸው ስም ነው። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ፤ ልጅ በታመመ ቁጥር ቡዳ በላው ተባለ። ቀን ማረሻውን ያሠራ ሰው ማታ ልጁን ከባለእጁ ዓይን ይሸሽግ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ከዚሁ ይታወቃል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የባለመሬትና የጭሰኛን ነገር ሲያከትም ንቀቱን አብሮ አልሻረውም። በዘመዶቼ መካከል ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ የልጁ አያት ቀጥቃጭ ነበሩ ተብሎ የቀረ ጋብቻ አውቃለሁ። ልጁ መሐንዲስ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን ክፍል ለባለእጆች ስጡልኝ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሂዱ፣ ሸክላ የሚሠሩ እናቶችን ታገኛላችሁ። በየገጠሩ ወናፋቸውን ያልጣሉ ሽማግሌዎች አሉ። አባቶቻቸው የማንን መሬት እንዳረሱ፣ ለማን እንደገበሩ፣ ሲሞቱም የት እንደተቀበሩ ጠይቋቸውና መልሳቸውን በራሳቸው አንደበት አትሙት።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር