እንጨቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ መውጫው ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለ ሸራ ጀልባ በእጃቸው ሠርተው ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ላይ ሊያንሳፍፉ የሚያስቡ የመሀል አዲስ አበባ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ፕላይውዱ ከየት ይገኛል?» ብለው ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ጀልባው ሲያልቅ በየት በኩል ይወጣል የሚለው ነው።

ለጀማሪ የሚስማማውን ሚረር የተባለ ትንሽ ጀልባ እንውሰድ። ርዝመቱ 3.30፣ ወርዱ 1.39 ሜትር ነው። በጎኑ ከተያዘ በ90 ሳንቲ ሜትር በር ያልፋል። አስቸጋሪው መታጠፊያው ነው፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ይህን ያህል የሚረዝም ደረቅ ነገር አይዞርም። ስለዚህ በሞራሌ በጀልባው ልክ ሳጥን መትቶ፣ ከሥራው ቦታ እስከ መንገዱ ተሸክሞ መውጣት ነው። ሳጥኑ ካልወጣ ጀልባውም አይወጣም።

ዙሪያውን እየተንቀሳቀሱ ለመሥራት 5.5 በ3.5 ሜትር ይበቃል። የፒያሳ ግቢዎች ቁልቁለት ናቸው፤ ወለሉ ቢያዘነብልም ግድ የለም፣ ጀልባው የሚያርፍባቸው እንጨቶች ግን በውሃ ልክ እኩል መሆን አለባቸው። አለዚያ የጀልባው አካል (ቀፎው) ይጠማዘዛል፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው ሙጫ ከደረቀ በኋላ የሚያቃናው የለም።

ጣሪያው የማያፈስ ይሁን። ክረምት ላይ ኢፖክሲው (ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀው የጀልባው ሙጫ) ሲደርቅ ላዩ ቅባት መሰል ነገር ያወጣል፤ በውሃና በስፖንጅ ሳይታጠብ ከተቀባ ቀለሙ ይላጣል። ከመስቀል በኋላ መጀመር ይሻላል። ነገር ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ማታ የተቀባ ኢፖክሲ ሳይጠነክር ያድራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መቀባት ነው። የመኪና ቦዲ የሚሠሩ ባለሙያዎች ፋይበር ሲሠሩ ከቸኮሉ ማጠንከሪያ ይጨምሩበታል፤ ያ ፖሊስተር የተባለው የሌላ ሙጫ ልማድ ነው። ኢፖክሲ በፋብሪካው ልክ ካልተደባለቀ፣ ማጠንከሪያው በዛም አነሰም፣ እንደላላ ይቀራል። ብዙ አዘጋጅቶ በጠባብ ጣሳ ማቆየትም አይሆንም፤ ይግላል፣ ይጨሳል።

ፕላይውዱን በተመለከተ፣ ውሃ መቻሉን ለማወቅ ከ6 ሚሊ ሜትሩ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ አንድ ሰዓት ቀቅሎ፣ አድርቆ፣ ደግሞ መቀቀል ነው። የአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ትንሽ ማስረዘም አይከፋም። ንብርብሩ ከተላቀቀ አይገዛ። የኮንክሪት ፎርምወርክ ጥቁሩ ፕላይውድ ውሃ ቢችልም ከባድ ነው፤ ልባሱም ሙጫ አይቀበልም። ሙጫው እስኪይዛቸው ድረስ የፕላይውድ ሳንቃዎቹን በሽቦ ለመስፋት ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ መዳብ ይበቃል፣ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ። በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ የሚሰፋ ሰው ሽቦውን ማውጣት አይርሳ፤ ውስጥ ከቀረ ይዝጋል።

በጋዜጣችሁ በኩል አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ከሥራ ሰዓት ውጪ ባዶ የሚውል ጥግ ለ3 ወር የሚያከራይ ባለቤት ካለ፣ እባካችሁ ስለ ጣሪያው ከመንገራችሁ በፊት የበሩንና የመተላለፊያውን ስፋት ንገሩን።

ከጀልባ ሠሪዎች፣ ፒያሳ